ሃዋን የተሸከመው በር

ቃሬዛው የተወሰደው በሐምሌ መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት ነጭ ለባሾች ከውብአየሁ ሱቅ ጓሮ አወጡትና አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዘው፣ በሱሉልታ ገበያ መሀል ወደ ፖሊስ ጣቢያው ይዘውት ሄዱ። ባዶ ቃሬዛ ሲያልፍ ያየ ገበያተኛ ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት ከተቀመጠበት ተነሣ።

ውብአየሁ ጨውና ላምባ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆማ አየቻቸው። አልጮኸችም፣ አልለመነችም።

«ጠፍሩን ዝናብ እንዳይመታው። ይበሰብሳል» ብቻ አለቻቸው።

ያ ቃሬዛ የባሏ የጥሩሰው ተዝካር ነበር። ጥሩሰው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የሳንባ ምች ያዘው። በዚያን ጊዜ ሱሉልታ ውስጥ መኪና ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ግራዝማች አሥራት። የአጥቢያ ዳኛም እሱ ነው። ጥሩሰውን ደግፈው መኪናው ላይ ካስተኙት በኋላ ግራዝማች መያዣ እፈልጋለሁ አለ። መያዣው የጓሯቸው መሬት ነበር። ወረቀት የሚጽፍ ሰው ተፈልጎ እስኪመጣ፣ ምስክር እስኪቆጠር፣ ጣት ቀለም ነክቶ እስኪፈረም ድረስ ጥሩሰው ሰማይ ሰማይ እያየ እዚያው መኪናው ላይ ተኝቶ ቆየ። ሞተሩ ሲነሣ ነፍሱ ወጥታለች። ግራዝማች ግን ወረቀቱን አልቀደደውም፤ መሬቱን ወሰደ።

አርባው ሲደርስ ጎረቤት ድግስ ጠበቀ። ውብአየሁ ሰዉን ሰበሰበችና «ጥሩሰው የሞተው የሚበላ አጥቶ አይደለም። የሚያደርሰው አጥቶ ነው» አለች። ለጠላና ለወጥ ያስቀመጠችውን ባሕር ዛፍና የበሬ ቆዳ ገዛችበት። ጠፍሩን የጠፈረላት ኦቦ ደቻሳ የሚባል፣ ከከተማው ዳር የሚያርስ ረጅም ገበሬ ነው። የነፍስ አባቷ እስከ ፋሲካ ድረስ አላነጋገሯትም።

ከዚያ ወዲህ በሱሉልታ ታሞ የሚያደርሰው ያጣ ሰው አልነበረም። ከየቤቱ በተራ ሰው ይወጣል፤ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አድርሶ ይመለሳል። ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ነጋዴ ይሁን ጭሰኛ፣ ስሙ የማይታወቅ መንገደኛም ቢሆን ይሸከሙታል። ክፍያ የለም። አንድ ጊዜ እናቱን ያደረሱለት የጫንጮ ሰው ሙክት እየጎተተ ቢመጣ፣ ጠላ አጠጥተው ከነሙክቱ መለሱት።

ይህ ለግራዝማች አሥራት አልተመቸውም። ክረምት በመጣ ቁጥር በመያዣ ስም አንድ ቁራሽ መሬት ያገኝ ነበር፤ አሁን ግን ደጁን የሚያንኳኳ ታማሚ ጠፋ። ስለዚህ ወረዳ ድረስ ሄዶ ደብዳቤ አመጣ። ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ ሹማምንቱ አሥር ሰው አንድ ላይ ሲቆም ይደነግጡ ስለነበር ደብዳቤው ለማግኘት አላስቸገረም። ያለ ፈቃድ የቆመ ማኅበር ፈርሷል፣ ቃሬዛው ተይዟል፣ ይላል። ማክሰኞ ዕለት የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ጌታቸው ገበያ መሀል ቆሞ አነበበው።

በዚያው ከሰዓት ግራዝማች ጥላውን ዘርግቶ ወደ ውብአየሁ ሱቅ መጣ።

«ከኔ ጋር ጥል አለኝ እንዳትዪ» አላት። «ጉዳዩ የሕግ ነው።»

«ሕጉ ታማሚ አትሸከሙ ይላል?»

«ያለ ፈቃድ አትሰብሰቡ ይላል።»

«እኛ ተሰብስበን አናውቅም፣ ግራዝማች። የምንገናኘው መንገድ ላይ ነው።»

«መኪና እያለ ሰውን በጫንቃ መሸከም ኋላ ቀርነት ነው። ሥልጣኔ በመጣበት አገር ያሳፍራል።»

ውብአየሁ የጨው መስፈሪያዋን አስቀመጠች። «መኪናዎ በቤንዚን የሚሄድ ቢሆን አዋጥተን በሞላንልዎት ነበር» አለችው። «የርስዎ መኪና ግን የሚሄደው በመሬት ነው።»

ግራዝማች ጥላውን አንሥቶ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ሃዋን ምጥ ጠናባት። ሃዋ አቡጀዲ የሚሸጠው የአብዱሰመድ ሚስት ናት፤ ሱቃቸው ከውብአየሁ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ምጡ ከጀመራት ሁለተኛ ቀኗ ነው። አዋላጇ እማማ ያለምወርቅ እጃቸውን እየታጠቡ ወጡና «ልጁ አግድም ነው የተኛው። ከኔ እጅ በላይ ነው፤ ሐኪም ጋ አድርሷት» አሉ።

አብዱሰመድ በዝናብ ሮጦ ግራዝማች ቤት ሄደ። ግራዝማች መኪናው ጫንጮ እህል ሊጭን እንደ ሄደ፣ በስድስት ሰዓት እንደሚመለስ ነገረው። «እስከዚያ ወረቀቱን እናዘጋጅ» አለ። መያዣ እንዲሆን የጠየቀው ሱቁ ያለበትን ቦታ ነው። አብዱሰመድ የቦታውን ወረቀት ሊወስድ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ውብአየሁ የሃዋን እጅ ይዛ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ አገኛት።

«ልትፈርምለት ነው?» አለችው።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኛ እንውሰዳት።»

«በምን? ቃሬዛው የለ። ትእዛዝ ወጥቷል» አለ አብዱሰመድ። «እትዬ ውብአየሁ፣ ጥሩሰውን ቀብረሻል፤ አውቃለሁ። ግን አንቺ ከግራዝማች ጋር ለያዝሽው ክርክር ሃዋን አልሰጥሽም።»

ቃሉ ውብአየሁን ነካት። እውነት ያለበት ስለሆነ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ያንን ሰው የምታሸንፍበትን ቀን ስታልም ነበር፤ ሃዋ ምጥ ያዛት ሲሏትም ከድንጋጤዋ ሥር ሌላ ነገር ሽው ብሎባት ነበር። እጇን ከሃዋ እጅ ልታወጣ ስትል ሃዋ ጨብጣ አስቀረቻት።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ሃዋ።

«ሁለት ተኩል» አለ ባሏ።

«መኪናው የሚመጣው በስድስት ነው?»

«አዎ።»

«አሁን ከተነሣን በስድስት ሰዓት እንጦጦ አናት ላይ ነኝ።» ምጡ መጣባት፤ ጥርሷን ነክሳ አሳለፈችው። «ደግሞስ ብተርፍ የት ነው የምገባው? ልጄን ረምዚያን የት ላሳድጋት? አንሡኝ። በሰው ነው የምሄደው።»

አብዱሰመድ ሚስቱን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ጫማውን አወለቀና ሱሪውን ወደ ላይ ጠቀለለ።

ውብአየሁ ወደ ሱቋ ገብታ በመጥረቢያ ጀርባ የበሩን ማጠፊያ መታችው። በሩ የዝግባ ነው፤ ጥሩሰው በገዛ እጁ የሠራው። ጨው ሊገዛ የመጣው ኦቦ ደቻሳ ድምፁን ሰምቶ ሲገባ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ አንደኛውን ምስማር ትነቅላለች። ምን እየሠራሽ ነው አላላትም። ተቀብሎ አወረደው፤ ሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፎች ከሥሩ አስገብቶ በገመድ ጠፈራቸው። ፍራሽ አነጠፉበት፤ ሃዋን አስተኟትና ሸራ አለበሷት።

የሚሸከሙት አራት ብቻ ነበሩ፤ ደቻሳ፣ አብዱሰመድ፣ ወንድሙ ከሊፋ፣ እና ውብአየሁ። ሌላው ሰው ከየጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠልሎ ያያል። የማክሰኞው ደብዳቤ ገና በጆሮው ነው። ውብአየሁ ማንንም አልጠራችም። ሱቋን ያለ በር ትታ የባሕር ዛፉን ጫፍ ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም በሱሉልታ ታይቶ አያውቅም።

ጣቢያው የአዲስ አበባው መንገድ መውጫ ላይ ነው። ሃምሳ አለቃ ገብረየስ የዝናብ ካፖርቱን እየቆለፈ ወጣ።

«ቁሙ» አለ። «ቃሬዛ ተከልክሏል።»

«ይሄ ቃሬዛ አይደለም፣ ሃምሳ አለቃ» አለች ውብአየሁ፣ ሳትቆም። «የሱቄ በር ነው። በር አትሸከሙ የሚል ደብዳቤ ደርሶዎታል?»

ሃምሳ አለቃው አጠገባቸው እየተራመደ ሸራው ሥር ያለችውን ሴት አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። ግን ከጣቢያው በረንዳ ነጭ ለባሾቹ ያዩታል።

«ስማችሁን እመዘግባለሁ። ትከሰሳላችሁ።»

«ይመዝግቡ። እየሄድን እንነግርዎታለን።»

ደብተሩን በካፖርቱ ከልሎ እርሳሱን አወጣ። «ውብአየሁ ገድሌ» አለችው። «ደቻሳ ቀጄላ። ገበሬ» አለ ደቻሳ። አብዱሰመድና ከሊፋም ተናገሩ። አራተኛውን ስም ጽፎ ሳይጨርስ ከኋላ በጭቃ የሚሮጥ እግር ተሰማ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ጌታቸው ነው፤ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ይዟል።

«ጌታቸው ተድላ። ጻፈኝ» አለ፤ የውብአየሁንም ቦታ ተቀበላት።

«አንተ ደብዳቤውን ያነበብከው አይደለህም እንዴ?»

«አንብቤዋለሁ። ምን እንደሚል አውቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ከጣሪያ ሥር ያለው ሰው አንድ በአንድ ወደ ዝናቡ ወጣ። ሸማኔው ወጣ፣ ጠላ ነጋዴዋ ሙሉዬ ወጣች፣ ሱቃቸው ደጅ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት እስላም ነጋዴዎች ወጡ፣ ገበያ የመጡ ገበሬዎችም አህያቸውን እያሰሩ ተከተሉ። እያንዳንዱ ሃምሳ አለቃው ጋ ሲደርስ ስሙን ከነአባቱ ይናገርና ወደ በሩ ያልፋል። ሃምሳ አለቃ ገብረየስ ይጽፋል። የመጨረሻው ቤት ጋ ሲደርሱ ገጹ ሞላ፤ እርሳሱ በርጥብ ወረቀት ላይ አልጽፍ አለ። ሠላሳ አራት ስም ጽፎ ነበር። ቆሞ ቀረ፤ ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም።

የሱሉልታ ሜዳ በሐምሌ ባሕር ነው። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ውሃው ጉልበት ይደርሳል፤ በሩን ከትከሻ በላይ አንሥተው ተሻገሩ። ደቻሳ ከፊት ሆኖ «ኮቱ፣ ኮቱ» ይላል፤ ና ማለቱ ነው፤ የደከመው ይወጣል፣ ያረፈው ይገባል፣ በሩ ሳይቆም ይሄዳል። ዳገቱ ሲጀምር ጭቃው እንደ ሳሙና ያንሸራትት ነበር። ከሊፋ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ፤ ትከሻውን ግን ከእንጨቱ ሥር አላወጣም። ሃዋ ምጡ ሲመጣ የበሩን ጠርዝ ትይዛለች። አንዳንዴ «ደረስን?» ትላለች። አብዱሰመድ ሁልጊዜ «ትንሽ ነው የቀረን» ይላታል።

አናቱ ላይ ሲደርሱ አብዛኞቹ ወንዶች እግራቸው ከድቷቸዋል። እዚያ ከጫካው የሚወጡ እንጨት ለቃሚ ሴቶች አገኟቸው፤ ሰባት ናቸው፤ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ከቁመታቸው በላይ ተሸክመው ጀርባቸው ጎብጧል። ከፊት ያለችው ማሪቱ የምትባል ወጣት ናት።

«ማን ናት?» አለች ከጭነቷ ሥር ቀና ብላ።

«ምጥ የያዛት ሴት» አለች ውብአየሁ።

ማሪቱ የጭነቷን ገመድ ፈታችው። እንጨቱ መንገድ ዳር ተዘረገፈ። ሌሎቹም ፈቱ።

«እንጨታችሁን ይወስዱባችኋል እኮ» አለ ጌታቸው። የዕለት ጉርሳቸው እንደሆነ ያውቃል።

«ይውሰዱት» አለች ማሪቱ። «ቁልቁለቱን እኛ እናውቀዋለን። እናንተ ትጥሏታላችሁ።»

ወንዶቹ ተያዩ፤ ከዚያ ቦታ ለቀቁ። ሴቶቹ ዕድሜ ልክ በለመዱት አጭርና ፈጣን እርምጃ፣ በሩን ሳያወዛውዙ እስከ አዲሱ ገበያ አወረዷት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሐኪም ቤት ገቡ።

ሃዋ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፤ አልተነፈሰም። ሐኪሙ መቼ እንደሞተ ማወቅ እንደማይቻል ነገራቸው። በማግስቱ አብዱሰመድ፣ ከሊፋና ደቻሳ ቀበሩት፤ ጉድጓዱን የቆፈረው ደቻሳ ነው። ውብአየሁ ሐኪም ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ የአብዱሰመድን ቃል ደጋግማ ሰማችው። ማንም አልወቀሳትም፤ እሷ ግን ራሷን ስትመረምር ዋለች።

በነሐሴ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀረቡ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይሰማ ነበር። ግራዝማች አሥራት ለምስክርነት ቆመ።

«በመኪናዬ ቢሄዱ ኖሮ ልጁ በተረፈ ነበር» አለ። «የወረዳውን ትእዛዝ የጣሱት ለሰው አዝነው አይደለም። ይህች ሴት ለእልኳ ስትል ሕፃን አጥፍታለች።»

ውብአየሁ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ሃዋ በባሏ ክንድ ተደግፋ ተነሣች። ፊቷ ገና ገርጥቷል።

«ተሸከሙኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «እትዬ ውብአየሁን የሚከስ እኔን ይክሰሰኝ። ልጄን ያጣሁት እኔ ነኝ፤ የማለቅስለትም እኔ ነኝ። ግራዝማች፣ እርስዎ ወረቀት ሲያዘጋጁ ነበር። ለልጄ አያልቅሱልኝ።»

ተቀመጠች። ግራዝማች ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ዳኛው በእጃቸው አስቆሙት።

«የማኅበሩ አለቃ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አለቃ የለንም» አለ ጌታቸው። በዚያ ሳምንት ከሥራው ተባርሮ ነበር።

ውብአየሁ ተነሣች። «በሩ የኔ ነው፣ ጌታዬ። የነቀልኩትም እኔ ነኝ። ነገም ሰው ቢታመም፣ በር ባይኖረኝ ጣሪያዬን እነቅላለሁ። ይህን አውቀው ይፍረዱ።»

ዳኛው ፍርዱን ጽፈው አነበቡ። ለሌሎቹ ማስጠንቀቂያ ሰጡ፤ ለውብአየሁ አንድ ወር እስራት ፈረዱ። ፍርዱ ተነብቦ እንዳለቀ ደቻሳ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ፊት ወጣ።

«ጌታዬ ዳኛ፣ አንድ ወር ሠላሳ ቀን ነው። እኛ ሠላሳ አራት ነን። አንድ አንድ ቀን እንታሰርላት። አራቱ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ።»

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሳቀ። ደቻሳ ግን አልሳቀም፤ ዳኛውም አልሳቁም።

«እስራት አይከፋፈልም» አሉት።

ደቻሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዳኛው ጌታቸውን ምን እንዳለ ጠየቁት።

«ሳንከፋፈል የኖርነው ነገር የለም ነው ያለው፣ ጌታዬ።»

ውብአየሁ ታሰረች። በሴቶቹ ክፍል ዘጠኝ እስረኞች ነበሩ፤ ከዘጠኙ አምስቱ ጠያቂ የላቸውም። ከሱሉልታ በየቀኑ ሰው በተራ ይመጣል። መጀመሪያ ለአንድ ሰው የሚሆን እንጀራ ይመጣ ነበር፤ ውብአየሁ ለጠያቂዋ ከነገረች በኋላ ለአሥር ሰው ይመጣ ጀመር። የወህኒው ዘበኛ ይህ ምንድን ነው ሲል ሙሉዬ «ምሳ ነው፤ አንተም ካልበላህ ግባ» አለችው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግራዝማች አሥራት መጣ። ጠያቂዎቹ በአጥሩ ሥር ተሰልፈው ነበር፤ እሱ ሰልፉን አልፎ ፊት ቆመ።

«አንቺን ማሳሰር አይደለም ነገሩ» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ማኅበሩ ፈርሷል ብለሽ ፈርሚና ነገ ውጪ። ዳኛውን አነጋግሬያለሁ። የጓሮሽንም መሬት እመልስልሻለሁ።»

ውብአየሁ መሬቱን አሰበችው። ጥሩሰው በዚያ ጓሮ ጌሾ ተክሎ ነበር። ለአፍታ ያህል የአጥሩን እንጨት ጨበጠች።

«ወረቀት ይዘው መጥተዋል?» አለችው።

«ይዣለሁ።»

«ታዲያ እዚህም እየሞትኩ ቢሆን ኖሮ አስቀድመው ያስፈርሙኝ ነበር ማለት ነው። አልፈርምም፣ ግራዝማች። የቀሩኝ አሥራ ስምንት ቀናት ናቸው፤ እጨርሳቸዋለሁ። መሬቱንም በሕግ እንጠይቅዎታለን፤ ጌታቸው አሁን ሥራ ፈት ነው፣ ማመልከቻ ይጽፋል።»

ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች ሰሙ። አንድ ሽማግሌ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

በጳጉሜ ተፈታች። ቃሬዛው ከጣቢያው አልተመለሰም፤ ደቻሳ ግን በዚያ ወር ውስጥ ሌላ ሁለት ጠፍሮ ነበር። ማሪቱና ጓደኞቿ ወሬውን በየጫካው አድርሰውት፣ ከቡራዩ ሰዎች መጥተው እንዴት እንደሚጠፈር አይተው ሄዱ። የመሬቱ ክስ ገና ቀጠሮ ላይ ነበር፤ ጌታቸው በማመልከቻው ላይ የአሥራ አንድ ሰው መሬት ጨምሮበታል።

በጥቅምት መጨረሻ ከግራዝማች ጭሰኞች አንዱ አጥንቱ ተሰበረ። ተረኞቹ ከቤቱ አንሥተውት ሲመጡ መንገዱ በግራዝማች ደጅ ያልፋል። ግራዝማች መንገዱ መሀል ቆሞ ጠበቃቸው።

«በማን ፈቃድ ነው?» አለ። «የኔን ጭሰኛ ያለ እኔ ፈቃድ የምትወስዱት?»

ከፊት በግራ በኩል የተሸከመችው ሃዋ ናት። ከዳነች ወዲህ የመጀመሪያ ተራዋ ነበር። እርምጃዋን አልቀነሰችም።

«መንገድ ይልቀቁልን» አለችው። «ሰውየውን ያመዋል።»

ግራዝማች አሥራት ወደ ዳር ወጣ። እነሱም ወደ እንጦጦ አቀኑ።